ሃዋርድ፦ በጆርጂያ አቬኑ ዳገት ላይ ያለው ዩኒቨርሲቲ

በዋሽንግተን ዲሲ በአረንጓዴው የሜትሮ መስመር ተሳፍሮ «ሾ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ» ጣቢያ የወረደ ሰው ወደ 9ኛው ጎዳና ከታጠፈ የአበሻ ምግብ ቤቶች ሰፈር ይገባል። 7ኛውን ጎዳና ይዞ ወደ ሰሜን ካቀና ደግሞ መንገዱ ፍሎሪዳ አቬኑን ሲሻገር ስሙን ለውጦ ጆርጂያ አቬኑ ይሆናል፤ ዳገቱ ላይም ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወላጆች በየዕለቱ በደጁ ያልፋሉ። ልጆቻቸው ዩኒቨርሲቲ በሚመርጡበት ሰዓት ግን ውስጡ ምን እንዳለ በቅጡ የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው።

ዩኒቨርሲቲው የተቋቋመው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ካበቃ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1867 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ስሙን ያገኘው ከባርነት ነፃ የወጡትን ሰዎች ለመርዳት የተቋቋመውን የፌዴራል መሥሪያ ቤት ይመሩ ከነበሩት ከጄኔራል ኦሊቨር ኦቲስ ሃዋርድ ነው። በጊዜው አብዛኞቹ የአሜሪካ ኮሌጆች ጥቁር ተማሪ አይቀበሉም ነበር። ሃዋርድ ግን በሩን ለማንኛውም ዘርና ለሁለቱም ጾታ ከፍቶ ተነሣ። ይህ ዓላማ ዛሬም የትምህርት ክፍሎቹን መልክ ይወስናል።

የግል ዩኒቨርሲቲ ሲባል አገር ቤት ያለ አንባቢ ለትርፍ የተቋቋመ ኮሌጅ ሊመስለው ይችላል። ሃዋርድ ግን ለትርፍ አይሠራም። የሚተዳደረው በራሱ ቦርድ ነው፤ ገቢው ከተማሪ ክፍያ፣ ከለጋሾች፣ ከምርምርና ከሆስፒታሉ ይመጣል። ከሌሎች የግል ዩኒቨርሲቲዎች የሚለየው ደግሞ የአሜሪካ ምክር ቤት በየዓመቱ በጀት የሚመድብለት መሆኑ ነው፤ ይህ ድጎማ የተጀመረው በ1879 ነው።

ዓላማው በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት የሕግ ትምህርት ቤቱን ታሪክ መመልከት ይበቃል። ቻርልስ ሃሚልተን ሂዩስተን በ1929 ኃላፊነቱን ሲረከብ የማታ ክፍል የነበረውን ትምህርት ቤት ወደ ሙሉ የቀን ትምህርት ለወጠው፤ ተማሪዎቹንም የዘር መድልዎን በፍርድ ቤት እንዲሞግቱ ብሎ አሠለጠናቸው። ከእነሱ አንዱ ተርጉድ ማርሻል ነበር። በትውልድ ግዛቱ በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ለመማር የቆዳው ቀለም ስለማይፈቅድለት ከባልቲሞር በባቡር እየተመላለሰ ሃዋርድ ተማረ፤ በ1933 ከክፍሉ አንደኛ ሆኖ ተመረቀ። ከዓመታት በኋላ የጥቁርና የነጭ ተማሪዎች መለያየት በሕግ እንዲቀር ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲከራከር፣ እሱና ባልደረቦቹ ክርክራቸውን አስቀድመው የሚለማመዱት ሃዋርድ ውስጥ ነበር። መምህራኑ በዳኞች ቦታ ተቀምጠው በጥያቄ ያፋጥጧቸዋል፤ የላላው መልስ ተነቅሶ እንደገና ይዘጋጃል። በ1954 ተፈረደላቸው። ማርሻል በ1967 የመጀመሪያው ጥቁር የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነ።

የኢትዮጵያና የሃዋርድ ትውውቅም የቆየ ነው። ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩት እዚህ ነው። ኢጣልያ ኢትዮጵያን ለመውረር ስትዘጋጅ፣ የአፍሪካን ጥንታዊ ታሪክ ያስተምሩ ከነበሩት ከፕሮፌሰር ዊልያም ሊዮ ሃንስቤሪ ጋር ሆነው በ1934 የኢትዮጵያን ጉዳይ ለአሜሪካውያን የሚያስረዳ የጥናት ማኅበር አቋቋሙ። መላኩ በጦርነቱ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱን በሐኪምነት አገለገሉ፤ በኋላም ወደ ኒውዮርክ ተመልሰው ጥቁር አሜሪካውያንን ለኢትዮጵያ ሲያሰባስቡ ቆይተው በ1940 አረፉ። ሃንስቤሪ ደግሞ በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት ተሸላሚ ሆኑ።

በቅርቡ ዘመን ይህን ትስስር ያጠነከረው የፊልም ባለሙያው ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ነው። ከ1975 ጀምሮ ለአሥርተ ዓመታት ሃዋርድ ያስተማረ ሲሆን፣ «ሳንኮፋ»ንና «ጤዛ»ን የመሳሰሉ ፊልሞቹን የሠራውም በማስተማር ላይ እያለ ነው። እሱና ባለቤቱ የከፈቱት የ«ሳንኮፋ» መጻሕፍት ቤትና ካፌ ከዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት፣ እዚያው ጆርጂያ አቬኑ ላይ ይገኛል። ከክፍል የወጣ ተማሪ መንገዱን ተሻግሮ ቡና እየጠጣ ስለ አፍሪካና ስለ ጥቁር ሕዝብ የተጻፉ መጻሕፍትን ማገላበጥ ይችላል።

በዩኒቨርሲቲው ሕክምና፣ ጥርስ ሕክምና፣ ፋርማሲ፣ ነርሲንግ፣ ምህንድስና፣ ቢዝነስ፣ ሕግ፣ ሥነ ጥበብና ኮሙኒኬሽን ሁሉም ይሰጣሉ። የሕክምና ተማሪዎች የሚለማመዱት በዩኒቨርሲቲው በራሱ ሆስፒታል ነው፤ በደም ባንክ ሥራው ዓለም የሚያውቀው ዶክተር ቻርልስ ድሩ የቀዶ ሕክምና መምህር የነበረው በሃዋርድ ነው። የጋዜጠኝነት ተማሪ ደግሞ የሚያየው የማስመሰያ ስቱዲዮ ብቻ አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲው 96.3 ኤፍ ኤም ላይ የሚሰማ የንግድ ሬዲዮና ለሕዝብ የሚሠራ የቴሌቪዥን ጣቢያ አለው። የተማሪዎቹ ጋዜጣ «ዘ ሂልቶፕ» በ1924 ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዷ በኋላ ታላቅ ደራሲ የሆነችው ዞራ ኒል ኸርስተን ነበረች። ቶኒ ሞሪሰንና ካማላ ሃሪስም የዚሁ ቤት ምሩቃን ናቸው። በ2025 ሃዋርድ በአሜሪካ ከፍተኛ ምርምር ከሚያካሂዱ ዩኒቨርሲቲዎች ተርታ ተመደበ፤ በታሪክ የጥቁሮች ከሆኑት ተቋማት በዚያ ደረጃ የተሰለፈው እሱ ብቻ ነበር።

የግቢው መገናኛ «ዘ ያርድ» የሚባለው ሜዳ ነው። በአንደኛው ወገን በ1939 የተመረቀው የፋውንደርስ ቤተ መጻሕፍት ከነሰዓት ማማው ቆሟል፤ በውስጡ የሚገኘው የሙርላንድ ስፒንጋርን የምርምር ማዕከል የጥቁር ሕዝብ ታሪክ ሰነዶች ግምጃ ቤት ነው። ትልልቆቹ የጥቁር ተማሪዎች ማኅበራት በርካታዎቹ የተወለዱት እዚህ ሲሆን፣ በሜዳው ላይ እያንዳንዳቸው በቀለማቸው ያስጌጡት የራሳቸው ዛፍና መቀመጫ አላቸው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። የትምህርት ክፍያው ብቻ በዓመት ከ30 ሺህ ዶላር ይበልጣል፤ መኝታና ምግብ ሲጨመርበት ሂሳቡ ከፍ ይላል። ተቋሙ የግል በመሆኑ ለግዛቱ ነዋሪ የሚቀነስ ክፍያ የለም፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ የመጣውም ከአዲስ አበባ የመጣውም የሚጠየቀው አንድ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው በእርዳታው ነው። ዜጎች፣ ግሪን ካርድ ያላቸው፣ ጥገኝነት ያገኙና ስደተኞች «ፋፍሳ» የሚባለውን ቅጽ ሞልተው የፌዴራል እርዳታ መጠየቅ ይችላሉ። የዲሲ ነዋሪ ተማሪ ደግሞ መመዘኛውን ካሟላ የከተማውን የትምህርት ድጎማ ይጨምራል። በተማሪ ቪዛ የሚመጣ ግን የፌዴራል እርዳታ አያገኝም፤ ለቪዛው የሚያስፈልገው ሰነድ ከመሰጠቱ በፊት ወጪውን የሚሸፍን ገንዘብ እንዳለው በማስረጃ ማሳየት አለበት። ስለዚህ አገር ቤት ያለ አመልካች ትራንስክሪፕቱንና የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤቱን ከማሰናዳቱ ጎን ለጎን፣ በውጤት የሚሰጡትን የዩኒቨርሲቲውን ስኮላርሺፖች የማመልከቻ ቀን ቀድሞ ቢያጣራ ይጠቀማል።