ስለ ኦል ፔጄታ የዱር አራዊት መጠበቂያ አጥርና ጥገናው

ከሞያሌ ተነሥቶ ወደ ናይሮቢ በሚወስደው ዐቢይ መንገድ የሚጓዝ ነጋዴ ኢሲዮሎን ካለፈ በኋላ በኬንያ ተራራ ግርጌ ናንዩኪ የምትባል ከተማ ያገኛል። ከዚህችው ከተማ በስተምዕራብ ኦል ፔጄታ የተባለው የዱር አራዊት መጠበቂያ አለ፤ ስፋቱም 360 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጐብኚ ወደዚያ የሚሄደው አንበሳና አውራሪስ ለማየት ነው። ለንግድ ሰው ግን ይበልጥ የሚጠቅመው ከጐብኚው ዐይን ርቆ የሚካሄደውን የአጥሩንና የግምጃ ቤቱን ሥራ ማወቅ ይመስለናል።

አጥሩ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ባለኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። በእንዲህ ያለ ሽቦ የሚላከው ኀይል በብዙ ሺህ ቮልት የሚቈጠር ሲሆን፥ በየሰኮንዱ ገደማ ለቅጽበት ብቻ ስለሚያልፍ ያስደነግጣል እንጂ አይገድልም። ነገር ግን ከዝናም በኋላ ያደገ ሣር የታችኛውን ሽቦ ከነካ ኀይሉ ወደ መሬት ፈስሶ ይዳከማል። ሽቦውን ከችካሉ የሚለየው ስኒ ቢሰነጠቅም ውጤቱ ያው ነው። ስለዚህ ሠራተኞች ሣር እያጨዱ፥ ቮልቱን በመለኪያ እየመረመሩ፥ የላላውን እየወጠሩ በአጥሩ ዙሪያ መመላለስ ግድ ይሆንባቸዋል። ዝሆን ደግሞ ብልኅ ነው፤ ጥርሱ ኤሌክትሪክ እምብዛም እንደማያስተላልፍ ከልምድ ተረድቶ ሽቦውን በጥርሱ ይበጥሳል፤ ወይም ችካሉን ገፍቶ ይጥላል። በዚያ በኩል ከወጣም የጐረቤት ገበሬን የዓመት ሰብል በአንድ ሌሊት ሊያጠፋ ይችላል። እንግዲህ ጥቂት ስኒና አንድ ጥቅል ሽቦ ከግምጃ ቤት መታጣቱ የሚያስከትለውን ዕዳ መገመት አያዳግትም። የአጥሩን መግዣ ብቻ አስልቶ መለዋወጫውን የሚዘነጋ ሰው፥ የጭነት መኪና ገዝቶ ለጎማ ገንዘብ ያላስቀመጠውን ባለንብረት ይመስላል።

አጥሩ በሁሉም በኩል ቢዘጋ ደግሞ አራዊቱ በድርቅ ጊዜ መሄጃ ያጣሉ። ስለሆነም በሰሜን በኩል መተላለፊያ ክፍተቶች ተትተው፥ በመሬቱ ላይ አጫጭር ችካሎች ተቀራርበው ተተክለዋል። ዝሆን ተራምዶ ያልፋቸዋል፤ ሚዳቋ ይዘላቸዋል፤ አውራሪስ ግን እግሩን ያን ያህል አንሥቶ መሻገር ስለማይሆንለት ከውስጥ ይቀራል።

አውራሪስ ይህን ያህል መጠበቁ በቀንዱ ምክንያት ገዳይ ስለሚያሳድደው ነው። በአገራችን አቈጣጠር በታኅሣሥ 2002 ዓ.ም. አራት የሰሜን ነጭ አውራሪሶች ከቼክ ሪፑብሊክ እስከ ናይሮቢ በአውሮፕላን፥ ከዚያም በጭነት መኪና ወደዚሁ ስፍራ መጥተው ነበር። ሱዳን የተባለው የመጨረሻው ወንድ በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ሞተ። ከእርሱ በኋላ የቀሩት እናትና ልጅ፥ ሁለቱም ሴቶች፥ ሌሊትና ቀን በታጠቁ ዘበኞች ይጠበቃሉ።

ለዚህ ሁሉ ወጪ ገቢ ከሚያስገኙት አንዱ የከብት ርቢ ነው። ከብቶቹም ከእኛው ከቦረና የመነጨው ዘር ናቸው። ሌሊት ከአንበሳ የሚጠለሉት ተፈታትቶ በሚነሣ የብረት በረት ውስጥ ነው። በረቱ ወደ ሌላ ስፍራ ሲዛወር እበት የተጠራቀመበት መሬት ለምለም ሣር ያበቅላል፤ ያንንም የሜዳ አህያና ሚዳቋ ይግጡታል።