ብሬከሩ ለምን ይወርዳል?

ገላን ኮንዶሚኒየም በአዲስ አበባ ደቡብ ጫፍ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ይገኛል። ዘመድ ጥየቃ ከገጠር የሄደ ሰው እዚያ እንጀራ በኮረንቲ ሲጋገር ያያል። ጭስ የለም፤ ማገዶ የለም። ምጣዱ ይሰካል፣ ይግላል፣ ሊጥ ይፈስበታል።

አንዳንድ ቀን ታዲያ እንጀራው ሳይበስል ቤቱ ጭልም ይላል። የቤቱ እመቤት፣ «ብሬከሩ ወረደ!» ትላለች። ወንበር ላይ ወጥታ ወደ ላይ ትመልሰዋለች። ወዲያው ይወርዳል። ጎረቤት ይመጣና፣ «እትዬ፣ ይሄ ብሬከር ደካማ ነው፤ ትልቅ ላስገባልዎት» ይላል።

ይህ ምክር ቤት ያቃጥላል። ምክንያቱ ምንድን ነው?

ሽቦ እንደ መስኖ ቦይ ነው። ጠባብ ቦይ ላይ ብዙ ውኃ ቢለቁበት ቦዩ ይደረመሳል። ቀጭን ሽቦ ላይም ብዙ ኮረንቲ ቢሄድበት ሽቦው ይግላል፤ የፕላስቲክ ልባሱ ይቀልጣል፤ እሳት ይነሣል። ብሬከር ማለት ውኃው ሲበዛ ቦዩን የሚዘጋ ጠባቂ ነው።

ይህን በቁጥር ማስላት ይቻላል። በአገራችን የቤት ኮረንቲ 220 ቮልት ነው። ምጣዱ 3500 ዋት የሚፈጅ ከሆነ 3500ን ለ220 እናካፍል። ወደ 16 አምፔር ይመጣል። የሶኬት መስመር ብሬከር ደግሞ ብዙውን ጊዜ 16 አምፔር ነው። እንግዲህ ምጣዱ ብቻውን መስመሩን ሞላው ማለት ነው። በዚያው መስመር ላይ ስቶቭ ሲጨመርበት ብሬከሩ ቢወርድ ሥራውን ሠራ እንጂ አልተበላሸም።

16ቱ ወጥቶ 32 ቢገባስ? ብሬከሩ ዝም ይላል፤ እመቤቲቱም ደስ ይላታል። ሽቦው ግን ያው ቀጭኑ ሽቦ ነው። ግድግዳ ውስጥ ሲግል ማንም አያየውም። ለምጣድ የራሱ ወፍራም ሽቦና የራሱ ብሬከር ሊሠራለት ይገባል። እስከዚያው ምጣዱ ሲሰካ ስቶቩን መንቀል ነው። ምጣድን በማከፋፈያ መሰካትማ ፈጽሞ አይገባም።

በአሮጌ ቤቶች በብሬከር ፈንታ ፊውዝ አለ። ውስጡ ያለችው ቀጭን ሽቦ ቀልጣ መስመሩን ትቆርጣለች። በእሷ ምትክ ወፍራም ሽቦ የሚጠመጥሙ ሰዎች አሉ። ይህም ያው ጥፋት ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ ይባል። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ሰውን ለመግደል 16 አምፔር አያስፈልግም፤ የአንድ አምፔር አንድ አሥረኛ እንኳ ልብ ሊያቆም ይችላል። ለሰው የሚያስፈልጉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያለው የመሬት ሽቦ ነው። ከምጣዱ ብረት ያመለጠውን ኮረንቲ ወደ መሬት ይወስደዋል። ሁለተኛው ኤሌክትሪክ ሠራተኞች አር ሲ ዲ የሚሉት ነው። የሄደው ኮረንቲ በሙሉ መመለሱን ይቆጣጠራል። በሰው አካል በኩል 0.03 አምፔር ያህል ቢጎድል ወዲያው ይቆርጣል። «ቲ» የሚል የፈረንጅ ፊደል ያለባት ቁልፍ አለችው። እሷን አልፎ አልፎ ተጭኖ መሞከር ነው። ካልቆረጠ ይቀየር።

ኮረንቲ ለአቃቂ እንግዳ አይደለም። የአባ ሳሙኤል ማመንጫ የተሠራው በአቃቂ ወንዝ ላይ ነው፤ ለብዙ ዓመት ቆሞ በ2009 ዓ.ም. እንደገና ሥራ ጀመረ። ዛሬ ኮረንቲውን እስከ ቆጣሪው የሚያደርሰው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። የወደቀ ሽቦ ያየ ሰው ሳይጠጋ በ905 ይደውል። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ግን የባለቤቱ ኃላፊነት ነው፤ የሚያሠራውም በሙያው በሠለጠነ ሰው ነው።

ኮረንቲ የያዘው ሰው ቢገጥማችሁ በእጃችሁ አትንኩት። መጀመሪያ ብሬከሩን አውርዱ። ብሬከሩ ሩቅ ከሆነ፣ ደረቅ ነገር ላይ ቆማችሁ በደረቅ እንጨት ሽቦውን ከሰውየው ላይ ግፉት።