በመኖሪያ ቤት በር ላይ ስለሚሰቀል የሥራ ሰሌዳ



በመኖሪያ ቤቱ ልብስ የሚሰፋ፥ ሒሳብ የሚመረምር ወይም ልጆችን የሚያስጠና ሰው፥ ደንበኛ ያገኘው ዘንድ በበሩ ላይ ሰሌዳ መስቀል ይሻል። ጎረቤቱ ደግሞ ጸጥታ ያለው ሰፈር ወደ ገበያ እንዳይለወጥበት ይሰጋል። የአንዱ እንጀራ፥ የሌላውም ዕረፍት ስለ ሆነ፥ ሁለቱን ማስታረቅ የሕግ ተግባር ነው። ለዚህም የእንግሊዝን አገር ደንብ ምሳሌ አድርገን እንመልከት።

በዚያ አገር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1947 የወጣው የከተማና የገጠር ፕላን ሕግ፥ የውጭ ማስታወቂያን በፕላን ቁጥጥር ሥር አደረገው። ዛሬ የሚሠራበት ዝርዝር ደንብ የወጣው በ2007 ነው። በዚህ ደንብ መሠረት፥ በቤቱ ሥራ የሚያካሂድ ሰው ስለ ሥራው የሚገልጽ አንድ ሰሌዳ ያለ ማመልከቻ መስቀል ይችላል። ቤቱ በተለያዩ መንገዶች ላይ በሮች ያሉት እንደ ሆነ፥ በሁለት በሮች ላይ አንድ አንድ ይፈቀድለታል። የሰሌዳው ስፋት ከ0.3 ካሬ ሜትር አይበልጥም፤ ይህም ወርዱ 60፥ ቁመቱ 50 ሳንቲ ሜትር እንደ ማለት ነው። ከመሬት እስከ ሰሌዳው ጫፍ ያለው ከፍታ ከ4.6 ሜትር፥ በልዩ ጥበቃ ሥር ባሉ ቦታዎችም ከ3.6 ሜትር ማለፍ የለበትም። መብራት ማድረግ የሚፈቀደው የሕክምና አገልግሎትን ለሚያመለክት ሰሌዳ ብቻ ነው፤ በሽተኛ በጨለማ በሩን ፈልጎ ማግኘት አለበትና። ከዚህም ሌላ ሰሌዳው ንጹሕና የማያሰጋ እንዲሆን፥ የቤቱም ባለቤት እንዲፈቅድ ያስፈልጋል።

ነገር ግን ሰሌዳው ተፈቀደ ማለት ሥራው ተፈቀደ ማለት አይደለም። ጩኸቱና የደንበኛው ብዛት የቤቱን የመኖሪያነት ጠባይ የለወጠ እንደ ሆነ፥ ለሥራው ራሱን የቻለ የፕላን ፈቃድ ይጠየቃል። ደንቡን ተላልፎ ማስታወቂያ የሰቀለም እስከ 2,500 ፓውንድ ሊቀጣ ይችላል።

ከተወሰነው የሚበልጥ ሰሌዳ የሚሻ ሰው ለአካባቢው የፕላን ባለ ሥልጣን ያመለክታል። እዚህ ላይ ለመንግሥት ሠራተኛ ታላቅ ቁም ነገር አለ። ሕጉ ባለ ሥልጣኑን የአካባቢውን ውበትና የሕዝብን ደኅንነት ብቻ እንዲመረምር ወስኖታል። «በዚህ ሰፈር ልብስ ሰፊ ሞልቷል» ወይም «የጽሑፉ ቃል ደስ አላሰኘኝም» ብሎ ሊከለክል አይችልም። የተከለከለውም ሰው ለሚኒስትሩ ይግባኝ የማለት መብት አለው።

እንግዲህ ደንብ ሁለት ወገን ያስራል፤ ባለ ጉዳዩን በመጠን፥ ባለ ሥልጣኑንም በምክንያት። ወሰኑ በሜትር ተለክቶ ለሁሉ የታወቀ ሲሆን፥ ልብስ ሰፊው ስለ አንዲት ትንሽ ሰሌዳ ደጅ መጥናት አያሻውም፤ ጸሐፊውም ጊዜውን በእውነት ምርመራ ለሚያስፈልገው ጉዳይ ያውላል።