የትምህርት ግብር የከፈለውን ማን ጠየቀው?

በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብር ታወጀ። ግብሩ በመሬት ላይ ነበርና ገበሬው ከፈለ። ትምህርት ቤቶቹ ግን በብዛት በከተማ ተሠሩ።

በ1964 ዓ.ም. መንግሥት አዲስ ዕቅድ አስጠና። ስሙ ሴክተር ሪቪው ይባላል። ብዙ ገንዘብ ወደ ገጠር ይሂድ፤ አብዛኛው ልጅ አራት ዓመት ይማር፤ ከዚያ በላይ የሚያልፈው ጥቂት ይሁን የሚል ነው። መምህራንና የከተማ ወላጆች የድሃ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ሊቀር ነው ብለው ተቃወሙ። መምህራን በየካቲት 1966 ሥራ አቆሙ፤ ዕቅዱም ቀረ።

ሥጋታቸው እውነት ነበረው። ገበሬውንስ ማን ጠየቀው?

እኛ ከጎንደር ወደ ዳባት ገጠር ወጥተን ስናስተምር ይህንኑ አነሳን። አንድ አባት፣ «አራት ዓመትም ቢሆን በቅርብ ይሁንልን። ልጄ ወንዝ ተሻግሮ ነው የሚማረው» አሉ።

አንዲት እናት ግን አልተስማሙም። «አራተኛን ጨርሳ ተመልሳ እንጨት ልትለቅም ነው?» አሉ። ክርክሩ እስኪመሽ አላለቀም።