የዘገየው ሰው ዋስ፤ በምሥራቅ ጎጃም ስለ ዝሆኔ በሽታ የተደረገው የሕክምና ሙከራና ያስነሣው የግብረ ገብ ጥያቄ

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባሉት ደጋማ ወረዳዎች በገበያ ቀን ከመንገድ ዳር ቆሞ አላፊ አግዳሚውን የሚመለከት ሰው፥ እግሩ ከጉልበቱ በታች ያበጠ፥ ቆዳውም ጠጥሮ የተቋጠረ ገበሬ ወይም ባልቴት ማየቱ አይቀርም። ሕዝቡ ይህን በሽታ ዝሆኔ ይለዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የበሽታውን ሕክምና ለማስተማር አይደለም። ሕክምናውን ለመፈተን በአነደድ ወረዳ የተደረገው ሙከራ ታማሚዎቹን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ግማሾቹ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲጠብቁ ማድረጉ ተገቢ ነበርን? የሚለውን ጥያቄ ከአገሩ ልማድ ጋር አመዛዝኖ ለመመርመር ነው። በጽሑፉ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አስቀድሞ የበሽታውን ጠባይ መግለጽ ያስፈልጋል። ዝሆኔ በሚለው የወል ስም የሚጠሩት በሽታዎች ከአንድ በላይ ናቸው። አንደኛው ትንኝ በምታስተላልፈው ጥገኛ ትል የሚመጣው የቆላ በሽታ ነው። የደጋው ዝሆኔ ግን ከትልም ከትንኝም የሚመጣ አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር ሲኬድ ረቂቅ የሆኑ የማዕድን ቅንጣቶች በቆዳ ውስጥ ሰርገው ይገባሉ፤ የሰውነትን ፈሳሽ የሚመልሱትን የሊምፍ ቧንቧዎች እያስቆጡና እያጠበቡ ይዘጓቸዋል፤ ፈሳሹም መመለሻ ሲያጣ እግር ያብጣል። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በኢትዮጵያ ባደረገው የብዙ ዓመት ምርምር የበሽታውን ከአፈር መምጣት አስረዳ፤ በግሪክ ቋንቋ «እግር» እና «አቧራ» ከሚሉት ቃላትም ፖዶኮኒዮሲስ የሚል ስም አወጣለት።

የበሽታው ስፋት ቀላል አይደለም። በ2012 የታተመ አንድ ጥናት በደብረ ኤልያስና በደንበጫ ወረዳዎች 17,553 ቤቶችን ቤት ለቤት ዞሮ 1,704 ታማሚዎችን አግኝቷል፤ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው ሰዎች መካከል 3.3 በመቶ የሚሆኑት ታማሚዎች ነበሩ። በመላው ኢትዮጵያ ደግሞ የታማሚዎቹ ቁጥር 1.5 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆን ተገምቷል። ብዙዎቹ አርሰው አምርተው ቤተ ሰብ የሚያስተዳድሩ ሰዎች ናቸው።

ዝሆኔ በድንገት የሚገድል በሽታ አይደለም፤ ነገር ግን ከያዘ በኋላ ዕድሜ ልክ አብሮ የሚኖር ነው። ታማሚውን አብዝቶ የሚጐዳው እብጠቱ ብቻ ሳይሆን በየጊዜው የሚነሣው ሕመም ነው። ይህ በተነሣ ጊዜ እግር ይግላል፥ ይቀላል፥ ያቃጥላል፤ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ይከተላል፤ ሰውዬውም ከሞፈርና ከቀንበር ተለይቶ ይተኛል። ሕክምናው ግን እጅግ ቀላል ነው፤ ይኸውም እግርን በየቀኑ በሳሙናና በንጹሕ ውሃ መታጠብ፥ ቆዳውን በቅባት ማለስለስ፥ በፋሻ ማሰር፥ እግርን ማንቀሳቀስና ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፥ ካልሲና ጫማም ማድረግ ነው።

እንግዲህ ሕክምናው የታወቀ ከሆነ መሞከሩ ለምን አስፈለገ? ብሎ አንባቢ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱ ይህ ነው። ሕክምናው እንደሚረዳ ይሠሩበት የነበሩት ሰዎች በልምድ ያውቁ ነበር፤ ዓለም አቀፍ የኦርቶዶክስ ክርስቲያናዊ በጎ አድራጎት ድርጅትም ከሙከራው በፊት በደብረ ማርቆስ ታማሚዎችን ይረዳ ነበር። ይሁን እንጂ የታከሙትንና ያልታከሙትን በትክክለኛ ሚዛን ያስተያየ ሙከራ ከዚያ በፊት አልተደረገም ነበር። ያለዚህ ማስረጃ ደግሞ ገንዘብ የሚመድቡት ክፍሎች የእግር ማጠብን ነገር ከቁም ነገር አይቈጥሩትም።

ስለዚህ የኢትዮጵያና የውጭ አገር ተመራማሪዎች ተባብረው በምሥራቅ ጎጃም በአነደድ ወረዳ ሙከራውን አደረጉ። ከ2014 መጨረሻ እስከ 2015 አጋማሽ 696 ታማሚዎች ተመዘገቡ። በዕጣ 351ዱ ሕክምናውን ወዲያው እንዲጀምሩ፥ 345ቱ ደግሞ ከ12 ወር በኋላ እንዲያገኙ ተደረገ። በ2018 የታተመው ውጤት እንደሚያስረዳው፥ በዓመት ውስጥ ሕመሙ በታከሙት ላይ በአማካይ 19.4 ጊዜ ለአንድ ሰው ሲነሣ፥ በጠበቁት ላይ 23.9 ጊዜ ተነሥቷል። እንግዲህ ሳሙናና ውሃ፥ ቅባትና ጫማ የሕመሙን መነሣት ከ5 እጅ 1 እጅ ያህል እንደሚቀንሱ በማያጠራጥር ሁኔታ ተረጋገጠ።

ነገር ግን ይኸው ቁጥር በሌላ ወገን ሲነበብ የመጠበቅን ዋጋ ይናገራል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለአንድ ሰው በዓመት 4.5 ያህል ነው። ይህ በ345 ሰዎች ሲባዛ ከ1,550 በላይ የሕመም መነሣት ይሆናል። ዕውቀቱ የተገዛው በዚህ ዋጋ ነው፤ የከፈሉትም ተመራማሪዎቹ ሳይሆኑ የዘገየ ዕጣ የወጣላቸው ገበሬዎች ናቸው።

በሕክምና ታሪክ ሕሙማንን ማስጠበቅ ወደ ግፍ የተለወጠበት ጊዜ አለ። በአሜሪካ አገር በአላባማ ግዛት በተስኪጊ ከ1932 እስከ 1972 ቂጥኝ የያዛቸው 399 ጥቁር ሰዎች፥ ፔኒሲሊን መድኃኒታቸው መሆኑ ከታወቀ በኋላ እንኳ ሳይነገራቸውና ሳይታከሙ የበሽታቸው አካሄድ ብቻ ይጠና ነበር። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር በ1964 ያወጣውና በየጊዜው የሚያሻሽለው የሄልሲንኪ መግለጫም፥ የሰው ጤና ከዕውቀት ፍለጋ እንዲቀድምና አዲስ ሕክምና ከተረጋገጠው ምርጥ ሕክምና ጋር እንዲነጻጸር ያዝዛል። የአነደዱ ሙከራ ከተስኪጊው ጋር በምንም አይመሳሰልም፤ ታማሚዎቹ ተነግሯቸው ፈቅደዋል፥ የሚጠብቁበት ጊዜ ተወስኗል፥ ሕክምናውም ተስፋ ተሰጥቷቸዋል። ሙከራው ባይኖር ኖሮ አብዛኞቹ ምንም ሕክምና ባላገኙም ነበር ለማለት ይቻላል። ሆኖም «ያለዚያ ምንም አያገኝም ነበር» የሚለው ምክንያት ብቻውን ሲቀርብ ሊያስጠነቅቀን ይገባል፤ ድኻው ድኻ በመሆኑ ብቻ ያነሰ ነገር እንዲገባው ያደርገዋልና።

እዚህ ላይ የአገሩን ልማድ መመልከት ይጠቅማል። ለጎጃም ሰው ዕጣ እንግዳ ነገር አይደለም። በርስት ዘመን መሬት ለወራሾች ሲከፋፈል፥ ለምና ጭንጫው ሲደለደል፥ የሰው አድልዎ እንዳይገባበት ዕጣ ይጣል ነበር። ዕቁብም እንዲሁ ነው፤ አባላቱ እኩል ያዋጣሉ፥ ዕጣ የወጣለት ይወስዳል፥ ዙሩም ሁሉም እስኪደርሳቸው ድረስ ይቀጥላል። ስለዚህ ተመራማሪ «ማን አስቀድሞ እንደሚታከም በዕጣ ይለያል፤ የቀረውም በኋላ ይደርሰዋል» ብሎ ሲናገር፥ ገበሬው ነገሩን ከዕቁብ ጋር ቢያስተያየው አያስደንቅም።

ምሳሌው ጥሩ ቢሆንም በሁለት ቦታ ይሰናከላል። መጀመሪያ፥ በዕቁብ ለቅሶ ወይም ድግስ ያጋጠመው አባል ዳኛውን ለምኖ፥ ባልንጀራውም ራርቶለት ተራ ይለዋወጣል። በሕክምና ሙከራ ግን ይህ አይቻልም፤ ሕመሙ የጠናበት ሁሉ ወደ ፊተኛው ወገን ቢዛወር ሚዛኑ ይፈርሳል፥ የተደከመበትም ሁሉ ከንቱ ይሆናል። እንግዲህ ጎረቤት ለጎረቤት የሚያደርገውን ቸርነት ሳይንስ ይከለክላል ማለት ነው። ይህ ከፈቃድ መጠየቁ በፊት በግልጽ መነገር አለበት፤ አለዚያ ታማሚው ሐኪሙ ለእያንዳንዱ የሚስማማውን መርጦ እንደሚሰጥ አድርጎ ሊያስብ ይችላል።

ሁለተኛው ከዚህ ይበልጣል። በዕቁብ አስቀድሞ የሚወስድ ሰው ዋስ ይጠራል፤ ምክንያቱም ገንዘቡን ወስዶ ቢቀር የሚጐዱት ወደ ኋላ የቀሩት ናቸው። ዋሱ የሚቆመው ለዘገየው ሰው ነው። በምርምርስ ለዘገየው ሰው ዋሱ ማን ነው? ገንዘቡ ቢያልቅ፥ ተመራማሪው ወደ አገሩ ቢመለስ፥ መንገዱ ቢዘጋ፥ ያ ገበሬ ማንን ይከሳል? ምርምርን የሚመረምሩት የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች የሚገኙት ከገጠሩ ርቀው በዩኒቨርሲቲ ከተማ ነው።

ስለ ፈቃድም ሊታሰብበት የሚገባ ነገር አለ። የጎጃም ባላገር በወረቀት ላይ መፈረምን ወይም የጣት አሻራ ማኖርን የሚያውቀው በመሬት፥ በግብርና በፍርድ ቤት ነው። በ1968 በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ጎጃም በተነሣ ጊዜ፥ መሬቱ ይለካል፥ ርስቱም ይነካል የሚለው ሥጋት ትልቅ ቦታ ነበረው። እንዲህ ያለ ትዝታ ባለበት አገር ቅጽ ይዞ የሚመጣ እንግዳ ሰው፥ ወረቀቱ ለምን እንደ ሆነና ለምን እንዳልሆነ በሰፊው ማስረዳት አለበት። የአነደዱ ተመራማሪዎች ከሙከራው በፊት ስለ ፈቃድ አጠያየቅና ስለ ሕዝቡ አስተያየት ለብቻው ጥናት ማድረጋቸውና በ2016 ማሳተማቸው የሚመሰገን ነው። ቢሆንም አንድ ችግር በምንም ጥናት ሙሉ በሙሉ አይወገድም፤ ጫማ መግዣ ለሌለው ሰው ሳሙናና ጫማ ቀርቦለት «ፈቃድህ ነው ወይ?» ሲባል፥ እምቢ ለማለት ያለው ነፃነት ጠባብ ነው።

ከሕክምናው ሙከራ ሌላ የደም ምርምርም አለ። በባዶ እግሩ የሄደ ሁሉ በዝሆኔ አይያዝም፤ በሽታው በአንዳንድ ቤተ ሰብ ይበረታል። በወላይታ ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2012 የታተመው ጥናት ለበሽታው የሚያጋልጥ በዘር የሚወረስ ጠባይ እንዳለ አስረድቷል። ይህ ለሳይንስ ትልቅ ዕውቀት ነው፤ ለጎጃም ቤተ ሰብ ግን አደጋም አለው። በአገራችን ጋብቻ ከመታሰሩ በፊት ዘር ይቈጠራል፥ ቤትም ይጠየቃል፤ በዝሆኔ የሚታወቅ ቤት ልጅ የሚያጋባው ሰው ለማግኘት ይቸገራል። «በዘር ይመጣል» የሚለው ቃል ብቻ ተነጥሎ ወደ መንደር ከደረሰ፥ ያልታመሙት እኅቶችና ወንድሞች ሳይቀሩ ይጐዳሉ። ስለዚህ ውጤቱ ሲነገር ሁለተኛው ግማሽ አብሮ መነገር አለበት፤ የሚወረሰው መጋለጡ እንጂ በሽታው አይደለም፥ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እግሩ ከአፈሩ የተጠበቀ ልጅም ከዝሆኔ ይድናል።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ይህ ነው። የአነደዱ ዕጣ ፍትሐዊ ነበር ለማለት የሚቻለው ዕጣው ያለ አድልዎ ስለ ወጣ ብቻ አይደለም፤ ዕጣ ፍትሕ የሚሆነው ዙሩ ሲሞላ ነው። ዝሆኔ ደግሞ ዕድሜ ልክ የሚኖር በሽታ ስለ ሆነ፥ ዙሩ በ12ኛው ወር ሞላ ሊባል አይችልም፤ ሳሙናው ያልቃል፥ ጫማውም ያረጃል። በ2013 የወጣው የመንግሥት ዕቅድ ዝሆኔን ትኩረት ከሚሹት 8 በሽታዎች መካከል ቈጥሮታል፤ የ345ቱ ሰዎች መጠበቅ የሚካሰውም በአነደድ የተገኘው ዕውቀት በየወረዳው ጤና ጣቢያ ሳሙናና ቅባት፥ ፋሻና ጫማ ሆኖ ሲገኝ ነው። ወደ ፊት በጎጃም ደጋ እንዲህ ያለ ሙከራ ለማድረግ የሚመጣ ተመራማሪ፥ ዕጣ ከመጣሉ በፊት ዋሱን አስቀድሞ ይጥራ።