ባሕሩ ክፍት፣ ዳርቻው ዝግ

ሞተር ሆም የሚባለው መኪና ቤትን ጎማ ላይ እንደማስቀመጥ ነው። አልጋው፣ ምድጃውና መጸዳጃው ከቤተሰቡ ጋር አብረው ይጓዛሉ። ሆቴል መፈለግ፣ ልጆችን ለማብላት መንከራተት የለም። ይዘውት የማይጓዙት አንድ ነገር ግን አለ፤ እርሱም ማቆሚያው ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2013 በአሜሪካ የባሕር ዳርቻዎች ለመዝናናት የወጡ ቤተሰቦች የተቸገሩት በዚሁ ነበር።

የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የበጀት ዓመት ኦክቶበር 1 ቀን ይጀምራል። በዚያ ዓመት የኮንግረሱ ሁለት ምክር ቤቶች፣ በተለይ በፕሬዚዳንት ኦባማ የጤና መድን ሕግ ሳቢያ፣ ሳይስማሙ ቀኑ ደረሰ። ሕጉ ደግሞ ያልተፈቀደ በጀት ማውጣትን ይከለክላል። ስለዚህ 800 ሺሕ ገደማ ሠራተኞች ወደ ቤታቸው ተላኩ፤ ብሔራዊ ፓርኮችም ተዘጉ። በፓርኮቹ ውስጥ ድንኳን ተክለው ወይም መኪና አቁመው ያደሩ እንግዶች በሁለት ቀን ውስጥ እንዲወጡ ተነገራቸው።

በርካታ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩበት ከዋሽንግተን ዲሲ የሦስት ሰዓት ያህል መንገድ የሚርቀው የአሳቲግ ደሴትም ከተዘጉት አንዱ ነበር። ደሴቱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ የሚታወቀውም በአሸዋው ላይ እንደልባቸው በሚንሸራሸሩት የዱር ፈረሶቹ ነው። እንግዶቹ ሲወጡ ፈረሶቹ ብቻ ቀሩ።

የሚገርመው በዚሁ ደሴት ላይ፣ በሜሪላንድ ክፍለ ግዛት የሚተዳደረው ፓርክ አለመዘጋቱ ነው። ባሕሩ አንድ፣ አሸዋው አንድ፤ በጀቱ ግን ለየቅል ነው። በአሜሪካ የባሕር ዳርቻ የፌዴራል፣ የክፍለ ግዛት፣ የአካባቢ አስተዳደር ወይም የግል ሊሆን ይችላል። አንዱ ሲዘጋ ሌላው ክፍት ሊሆን ይችላል።

መዘጋቱ 16 ቀን ቆየ። የሠራተኞቹ ደመወዝ ኋላ ተከፍሏል። በጎብኚ የሚተዳደሩት ትናንሽ ምግብ ቤቶችና ሱቆች ያጡትን ገበያ፣ ወላጆችም ያባከኑትን የዓመት ፈቃድ ግን የመለሰላቸው የለም።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ እስከ 2019 መጀመሪያ ለ35 ቀናት፣ በ2025 ደግሞ ለ43 ቀናት መንግሥት ሥራ አቁሟል። በ2018ቱ ብዙ ፓርኮች በራቸው ሳይዘጋ ቀረ፤ ጠባቂና ጽዳት ግን አልነበረም። በአንዳንዶቹ ቆሻሻው ተከመረ፣ መጸዳጃ ቤቶቹም ከአገልግሎት ውጪ ሆኑ። በሩ ተከፈተ ማለት አገልግሎት አለ ማለት አይደለም።

እንዲህ ያለ ጉዞ የሚያስቡ፣ ወይም እዚያ ያሉ ዘመዶቻቸው ይዘዋቸው ሊሄዱ ያቀዱ አንባቢያን ቦታ ከመያዛቸው በፊት ዳርቻውን የሚያስተዳድረው ማን እንደሆነ ይጠይቁ። ቦታው የፌዴራል ከሆነና ጉዞው በኦክቶበር መጀመሪያ ከሆነ፣ በቅርብ ርቀት የክፍለ ግዛት ወይም የግል ማረፊያ አስቀድመው ይፈልጉ። የማረፊያው ክፍያ ቢመለስ እንኳ የመኪናው ኪራይ አብሮ ላይመለስ ስለሚችል የኪራይ ውሉን በደንብ ያንብቡ። በመንገድ ላይም ንጹሕ ውኃ መሙላትና የፍሳሽ ማጠራቀሚያውን ማራገፍ ለነገ አይባልም፤ ማረፊያው ሲዘጋ ቧንቧውና ማራገፊያውም አብረው ሊዘጉ ይችላሉና።

ለልጆችም ሁለተኛውን ቦታ አስቀድሞ መንገር ጥሩ ነው። የመጀመሪያው ቢዘጋ ጉዞው እንዳልቀረ ያውቃሉ።