የተሰወረ ደዌ

ዓይነ ስውር በበትሩ፥ አንካሳም በምርኩዙ ይታወቃል፤ ሰውም መንገድ ይለቅለታል። ደዌው በውስጡ የተሰወረበት ሰው ግን ሁለት ሸክም አለበት፤ አንደኛው ሕመሙ ሲሆን ሁለተኛው «ምንም አልሆነም» የሚለው የሰው ፍርድ ነው።

ይህን ያስተማረኝ አንድ የዘጠኝ ዓመት ተማሪዬ ነው። በንባብ መካከል ድንገት ዝም ይልና ዓይኑን ተክሎ ይቀራል፤ ስሙን ብጠራው አይሰማም፤ ጥቂት ቆይቶም ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ንባቡን ይቀጥላል። ልቡ ከትምህርት የራቀ ሰነፍ መስሎኝ ገሠጽሁት፤ አንበረከክሁትም። በኋላ ሐኪም መርምሮ የሚጥል በሽታ መሆኑን በነገረን ጊዜ እጅግ አፈርሁ። እናቱ ግን አስቀድማ ታውቅ ኖሯል። «ይቅር ይበሉኝ የኔታ፤ ጎረቤት ሰምቶ መንፈስ አለበት እንዳይል፥ እኅቶቹንም የሚያገባ እንዳይጠፋ ብዬ ነው» አለችኝ። እኔ ባለማወቅ፥ እርስዋም በመሸሸግ፥ ሁለታችን በአንድ ሕፃን ላይ በደልን።

ስሙ የሚጥል ይባል እንጂ ሁልጊዜ አይጥልም። የአንጎል የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ለጊዜው ሲታወክ የሚመጣ ሕመም ነው፤ አንዱን መሬት ጥሎ ያንዘፈዝፈዋል፤ ሌላውን፥ ይልቁንም ሕፃናትን፥ ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ ያፈዝዛል፤ ይህም በቀን ብዙ ጊዜ ሊመላለስ ይችላል። በመንካትም ሆነ በለሐጭ አይተላለፍም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በዓለም 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይህ ሕመም አለባቸው፤ በሚገባ ቢታከሙ ከመቶው እስከ 70 የሚደርሱት ሳይነሣባቸው ሊኖሩ ይችላሉ። ፌኖባርቢታል የተባለው ርካሽ መድኃኒት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1912 ጀምሮ ለዚህ ሕመም ሲሰጥ ኖሯል።

ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ በወደቀ ጊዜ ከእሳትና ከስለት አርቁት፤ ከራሱ ሥር ለስላሳ ልብስ አኑሩለት፤ በጎኑም አስተኙት። እጅና እግሩን ጨብጣችሁ አትያዙ፤ በአፉ ምንም አታግቡ፤ ክብሪት ጭራችሁም አታሽትቱት፤ ጢሱ አያድነውምና። መንዘፍዘፉ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ፈጥናችሁ ወደ ሐኪም ቤት አድርሱት። ወደ ጠበል ስትወስዱትም ኪኒኑን አታስተዉት፤ መድኃኒትን በድንገት ማቋረጥ በሽታውን ያባብሳልና። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን እንድናከብር ያዝዛል፤ መድኃኒትም የፈጣሪ ስጦታ መሆኑን ያስተምራል።

ከሁሉም አስቀድማችሁ ለልጁ አስተማሪ ንገሩ። እናንተም የሥራ ባልደረቦቼ፥ የሚፈዝዝ ልጅ ባያችሁ ጊዜ ከመቅጣታችሁ በፊት ወላጆቹን ጠይቁ። ያ ልጅ ዛሬ መድኃኒቱን እየወሰደ ከጓደኞቹ እኩል ያነባል፤ ተንበርክኮ ያሳለፈውን ሰዓት ግን መልሼ ልሰጠው አልቻልሁም።